ምስክር ወረቀትና የመካኒክ እጅ

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው የተናገሩት ምሳሌ ለቤተ ክህነት ሰው ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን ለማንኛውም ሙያ የሚሆን ቁም ነገር ይዟል። ጥምጥም የዕውቀት ምልክት ነው፤ ምልክቱም ያለ ዕውቀቱ ከንቱ መሆኑን ምሳሌው ይነግረናል። ሆኖም ምሳሌው ያልመለሰው አንድ ጥያቄ አለ። የተማረው ሰው ምንም ምልክት ካልያዘ፥ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ካልተማረው ለይቶ እንዴት ያውቀዋል? በዘመናችን ጥምጥሙ ምስክር ወረቀት ሆኗል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ወረቀት ይዞ እጁ ሥራ የማያውቅ ሰው አለ፤ እጁ ሠልጥኖ ወረቀት የሌለው ሰውም አለ። ከሁለቱ ማንን እንመን?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የመኪና ጥገናን ሙያ መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ሙያው ከተወለደ ገና አንድ መቶ አርባ ዓመት ያህል ስለ ሆነ አመጣጡን ከሥሩ መከታተል ይቻላል። ሁለተኛ፥ ልብስ ሰፊ ቢሳሳት የሚበላሸው ልብስ ነው፤ መካኒክ ቢሳሳት ግን ተሳፋሪው ሁሉ ከመኪናው ጋራ ገደል ይገባል። ስለዚህ ነገሩ የማዕርግና የደመወዝ ክርክር ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የተጻፉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ስለ አገራችን የተጻፉት ደግሞ እንደ ራሳችን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ምስክር ማለት ምን ማለት ነው?

ቋንቋችን ለዚህ ወረቀት የሰጠው ስም እጅግ የተስማማ ነው። ምስክር ማለት ያየውንና የሰማውን የሚናገር ሰው ነው፤ ያላየውን የሚናገር ግን ሐሰተኛ ምስክር ይባላል። በጥንታዊው ትምህርታችን ይህ ትርጉም በሥራ ላይ ይታያል። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። በዚያም መምህሩ ዜማውን በጆሮው ሰምቶ፥ ምልክቱን በዓይኑ አይቶ፥ የተሳሳተውን አርሞ፥ በመጨረሻ ይመሰክርለታል። እንግዲህ የምስክርነቱ ኃይል የሚመጣው ከብራናው ሳይሆን መምህሩ ከማየቱና ከመስማቱ ነው።

የባላገሩ ቀጥቃጭ ደግሞ በሌላ መንገድ ይመሰከርለት ነበር። የሠራው ማረሻ ድንጋይ ሲያገኘው መጉበጡን ወይም መጽናቱን ገበሬው በእርሻው ላይ ያያል፤ ያየውንም ለጎረቤቱ ይናገራል። ይህም እውነተኛ ምስክርነት ነበር። ነገር ግን ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው፥ የቀጥቃጩ ስም ከመንደሩ ወንዝ አለመሻገሩ ነው። ሁለተኛውና የከፋው፥ ሙያው ራሱ ለባለ ሙያው መሰደቢያ መሆኑ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በእጁ ሥራ ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፥ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። በንጉሥ አዋጅ የሚከለከል ነገር በሕዝብ ዘንድ የተለመደ ነገር ነውና።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። ምስክርነት ማየትን ይጠይቃል፤ ያልተጻፈ ምስክርነት ግን ሩቅ አይሄድም። የመኪና ጥገና ታሪክ በየአገሩ የተጓዘው በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች መካከል ነው።

የመጀመሪያዋ መካኒክ

ካርል ቤንዝ የተባለው የጀርመን መሐንዲስ በካርልስሩሄ ፖሊቴክኒክ ተምሮ በ1864 የወጣ፥ ሒሳቡንም ሥዕሉንም የሚያውቅ ሰው ነበር። በሞተር የሚነዳውን ባለ ሦስት እግር ሠረገላውን እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 1886 በመንግሥት መዝገብ አስመዘገበ። ይሁን እንጂ ሠረገላው ከከተማ ርቆ መሄድ መቻሉን ሕዝቡ አላመነም፤ ገዢም አልበረከተም። በነሐሴ 1888 ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ባሏ ሳያውቅ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ፥ ከማንሃይም ከተማ ተነሥታ እናቷ ወዳለችበት ወደ ፕፎርትስሃይም ነዳች። መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ አንድም ጋራዥ፥ አንድም መካኒክ አልነበረም። ስለዚህ በመንገድ ላይ የደረሰውን ብልሽት ሁሉ ያበጀችው ቤርታ ራሷ ናት። ነዳጅ የሚያልፍበት ቧንቧ ቢደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረት ቢነካ በካልሲዋ ማሰሪያ ሸፈነችው። ነዳጅ ሲያልቅባት በቪስሎኽ ከተማ ከመድኃኒት ቤት ገዛች። ሰንሰለቱን አንጥረኛ አበጀላት። ቁልቁለት ለመውረድ የሚረዳው የእንጨት ፍሬን ቢያልቅ ደግሞ ጫማ ሰፊ ዘንድ ገብታ ቆዳ አስለበጠችው፤ የመጀመሪያው የፍሬን ሸራ ይኸው ነበር። ከተመለሰችም በኋላ ዳገት የሚያወጣ ተጨማሪ ማርሽ እንደሚያስፈልግ ለባሏ ነገረችው፤ እርሱም ምክሯን ተቀብሎ ጨመረ።

መድኃኒት ቀማሚው፥ አንጥረኛውና ጫማ ሰፊው ስለ ሞተር ያጠኑት ነገር አልነበረም። እነርሱ የሚያውቁት ዘይቱን፥ ብረቱንና ቆዳውን ነው። ቤርታም የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ በባደን ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች የተከፈቱት ገና በ1900 ነውና። ነገር ግን ካርል በሠራበት ቤት አብራ ኖራ ሥራውን ሁሉ በዓይኗ አይታ ነበር። የካርልስሩሄ ከፍተኛ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የክብር ማዕርግ የሰጣት ዘጠና አምስተኛ ዓመቷን በያዘችበት ዕለት፥ በግንቦት 1944 ሲሆን፥ ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፈች። ከሥራው እስከ ምስክር ወረቀቱ ሃምሳ ስድስት ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ትምህርት ቤት አያስፈልግም የሚል ፍርድ የሚያወጣ ሰው ቢኖር ይሳሳታል። የካርል ትምህርት ባይኖር ሠረገላው አይኖርም ነበር፤ የቤርታ እጅ ባይኖር ደግሞ ሠረገላው ከግቢ አይወጣም ነበር። በዚያ ቤት ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ማዕድ ይቀመጡ ስለ ነበር ሥራው ሠመረ።

ጀርመን ሕግ ስታወጣ

ጀርመኖች ኋላ ይህን ሁለቱን ዕውቀት በሕግ ሊያጋቡት ሞከሩ። በ1908 የወጣው ሕግ ደቀ መዝሙር ሊያሠለጥን የሚችለው በመርሕ ደረጃ በሙያው ተፈትኖ «ማይስተር» የተባለ ሰው ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በ1935፥ በናዚ መንግሥት ዘመን፥ ነጻ የእጅ ሙያ ሱቅ መክፈት የሚችለውም ማይስተር ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ከጦርነቱ በኋላ በ1953 የወጣው የእጅ ሙያ ሕግም ይህንኑ ሥርዓት አጸና።

ፈተናው አራት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ተፈታኙ በፈታኞች ፊት በእጁ ይሠራል። በሁለተኛው የሙያውን ትምህርት፥ በሦስተኛው የንግድንና የሕግን ነገር፥ በአራተኛው ደግሞ ደቀ መዝሙርን የማስተማርን ዘዴ ይጠየቃል። የመጨረሻው ክፍል በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሙያን ማወቅና ሙያን ለሌላ ማሳወቅ የተለያየ ነገር መሆኑን ሕጉ ያምናልና።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ ከምስክርነት አልፎ የበር ቁልፍ ሲሆን ሌላ ጉዳት ማምጣቱ አልቀረም። ማይስተር ያልሆነ ሰው የቱንም ያህል ቢሠለጥን በራሱ ስም ሱቅ መክፈት አይችልም ነበር፤ ቀድመው የገቡት በሩን በስተኋላቸው ይዘጋሉ የሚል ወቀሳም በረታ። ስለዚህ በ2004 ከዘጠና አራቱ የሙያ ዓይነቶች ሃምሳ ሦስቱ ከግዴታው ነጻ ሲወጡ አርባ አንዱ ብቻ ቀሩ፤ በ2020 ደግሞ አሥራ ሁለቱ ወደ ግዴታው ተመለሱ። የመኪና ጥገና ግን ከግዴታው ወጥቶ አያውቅም፤ የሰው ሕይወት ያለበት ሥራ ነው ተብሎ ተጠበቀ።

በ2012 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። ከውጭ አገር የመጣ ባለ ሙያ ወረቀቱን በስደት ወይም በጦርነት አጥቶ እንደ ሆነ፥ በዐዋቂዎች ፊት ሠርቶ በማሳየት ሙያው እንዲታወቅለት መንገድ ከፈተ። ይህም ከላይ ወዳነሣነው ወደ ቃሉ ትርጉም ይመልሰናል። ወረቀቱ ቢጠፋ ምስክር የሚሆን ዓይን እንዳለ ነው።

የአሜሪካ ፈተና

በአሜሪካ መንገዱ ሌላ ነበር። መካኒክን በጠቅላላው በፈቃድ የሚያስተዳድር የፌዴራል ሕግ በዚያ አልወጣም፤ መክፈት የፈለገ ጋራዥ ይከፍታል፤ የሚፈርድበትም ደምበኛው ነው ተባለ። ነገር ግን ደምበኛው ኮፈኑን ከፍቶ የሚያየውን ነገር የማያውቅ ከሆነ እንዴት ይፈርዳል?

«ሪደርስ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት በ1941 ይህን ለመመርመር ሰዎች በደህና መኪና በየክፍለ ሀገሩ እንዲዞሩ አደረገ። ወደ ጋራዡ ከመግባታቸው በፊት ከሞተሩ የእሳት ጥቅል ላይ አንዲት ሽቦ ነቅለው ይገባሉ። ይህን ማየትና ሽቦዋን መልሶ መሰካት የደቂቃ ሥራ ነው። ከገቡባቸው 347 ጋራዦች ውስጥ 129ኙ እውነቱን ተናግረው በነጻ ወይም በጥቂት ዋጋ ሠሩላቸው። 218ቱ ግን ያላስፈለገ ሥራ ፈጥረው ወይም ዋሽተው አስከፈሏቸው፤ ይህም ከመቶው 63 እጅ ያህል ነው።

ይህ ቁጥር የሚያስተምረን ብዙ ነው። ከነዚያ ሰዎች መካከል ሽቦዋን ማየት ያቃተው ይኖር ይሆናል፤ አይቶ የዋሸም ብዙ ነበር። የዋሸው ሰው እጁ የሠለጠነ፥ ልቡ ግን የተጣመመ ነው። የሙያ ወረቀት ለመጀመሪያው ሰው መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን አይሆንም። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው የእኛ አባባል እዚህ ላይ ሌላም ትርጉም ያገኛል።

አሜሪካኖች በ1972 በፈቃደኝነት የሚሰጥ የመካኒክ ፈተና የሚያዘጋጅ ብሔራዊ ተቋም መሠረቱ። የተቋሙ ሥርዓት ሁለት ጥበብ አለው። ፈተናውን ያለፈ ሰው የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ካላሳየ ሙሉ ምስክርነት አያገኝም፤ ይህም ወረቀቱ ከእጁ እንዳይለይ ነው። ያገኘውም ምስክርነት በአምስት ዓመት ያልቃልና እንደ ገና መፈተን አለበት፤ ይህ ደግሞ መኪናው ሲለወጥ ሰውየው ወደ ኋላ እንዳይቀር ነው። ሚሺጋን የተባለው ግዛት ግን በፈቃደኝነት ብቻ አልረካም፤ በ1974 ባወጣው ሕግ ጋራዦች እንዲመዘገቡ፥ መካኒኮችም እንዲፈተኑ አስገደደ።

መኪና ወደ አገራችን ሲገባ

ዳግማዊ ምኒልክ ስለ እጅ ሥራ ያንን አዋጅ ባስነገሩበት በ1900 ዓ.ም.፥ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ መኪና ይዞላቸው አዲስ አበባ ገባ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም የሚታሰብበት አጋጣሚ ነው። ብረት የሚሠራው ሰው በሚናቅበት አገር ከብረት የተሠራው ሠረገላ በቤተ መንግሥት ደጃፍ ቆመ። ሠረገላውን ያደነቀ ሁሉ ግን የሚጠግነውን ሰው ያከብራል ማለት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ሙያው ወደ ሕዝቡ በስፋት የገባው በትምህርት ቤት በር አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ጣሊያኖች መንገድ ሲሠሩና ብዙ የጭነት መኪና ሲያስገቡ ጋራዦችም በየከተማው ተከፈቱ። ከነጻነት በኋላም ከጣሊያኖቹ አንዳንዶቹ በአገራችን ቀርተው በጋራዥ ሥራ ኖሩ። ኢትዮጵያዊው ልጅ ከእነርሱ አጠገብ ቆሞ እያየ ሙያውን ወሰደ።

ለዚህ ታሪክ ከማንኛውም መዝገብ የሚበልጥ ማስረጃ የመካኒኮቻችን ንግግር ነው። ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ፍሬን፥ ካንዴላ፥ ኮፈን፥ ባሌስትራ፥ ኩሽኔታ፥ ማርሚታ፥ ፒንሳ፥ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የጣሊያንኛ ልጆች ናቸው። ደግሞም የገቡት በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ጣሊያኑ «ካቻቪቴ» የሚለውን መፍቻ የእኛ ሠራተኛ «ካቻቢቴ» አለው፤ «ኮፋኖ» ያለውን «ኮፈን»፥ «ፍሬኖ» ያለውን «ፍሬን» አለው። ከመጽሐፍ ያነበበ ሰው ቃሉን እንደ ተጻፈ ይይዘዋል፤ በሥራ ጫጫታ መካከል የሰማ ሰው ግን አፉ እንደ ተመቸው ይለውጠዋል። ቃላቱ ሙያው ያለ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ማለፉን ይመሰክራሉ።

የጋራዥ ልጅ ትምህርት ሥርዓት ነበረው፤ ዛሬም አለው። ልጁ በመጀመሪያ የተፈታውን ብረት በቤንዚን ያጥባል። ሲያጥብ የእያንዳንዱን ብረት መልክና ክብደት ይለምዳል። ቀጥሎ ቁልፍ ያቀብላል፤ ጌታው ከመኪናው ሥር ተኝቶ «አሥራ ሦስት ቁልፍ!» ሲል ሳይሳሳት መስጠት አለበት። ከዚያ ብሎን መፍታት፥ ቀጥሎ ማሰር ይፈቀድለታል፤ ማሰር ከመፍታት በኋላ የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የካቻቢቴውን ጫፍ በሞተሩ ላይ፥ እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎ የሚያንኳኳው ከየት እንደ ሆነ መለየት ሲችል ጌታው ዝም ብሎ ያየዋል። መለዋወጫ ሲጠፋም ከጠንካራ ካርቶን መድፈኛ ቆርጦ መኪናውን ለመንገድ ያበቃል። ምረቃ የለም፤ መመረቁ የሚታወቀው ደምበኛው «እርሱ ይሥራልኝ» ያለ ቀን ነው።

ሁለተኛው በር የትምህርት ቤቱ ነው። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ሥራውን ጀመረ። በእነዚህና እነርሱን ተከትለው በተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ተማሪው የሞተርን ጠባይ ከምክንያቱ ጋራ ተማረ፤ ሥዕል ማንበብ፥ ልክ መለካት፥ ሒሳብ መሥራት ቻለ። ይህ ለአገሪቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። የእጅ ሥራ በትምህርት ቤት ጣሪያ ሥር መግባቱ ራሱ የድሮውን ንቀት የሚሽር ሁለተኛ አዋጅ ነበርና።

ዳሩ ግን ሁለቱ በሮች ወደ አንድ ቤት አላስገቡም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን የሚመድበው በትምህርት ደረጃው ስለ ሆነ ወረቀት ያለው ወደ ቢሮው ተጠጋ፤ ወረቀት የሌለው ከመኪናው ሥር ቀረ። ከዚያም መናናቅ መጣ። የተማረው የጋራዡን ሰው «ለምን እንደሚሠራ የማያውቅ» አለው፤ የጋራዡ ሰው የተማረውን «መሥራት የማይችል» አለው። የሚያሳዝነው ሁለቱም በከፊል እውነት መናገራቸው ነው።

የፍሬን ነገር

ይህን ከፊል እውነት በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው እስከ ድልድዩ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ልባም ሾፌር በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ቢሆንም ፍሬን መያዙ አይቀርምና ፍሬኑ ይግላል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። «ዶት 3» የተባለው የተለመደው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ ሆኖ የተሠራ ነው። በጊዜ ብዛት ውኃ ሲጠጣ ግን የመፍያው ልክ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፥ ይጨመቃል። ያን ጊዜ ሾፌሩ የረገጠው ፔዳል ወለል ድረስ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

እንግዲህ እናስተውል። ይህን ዘይት በከተማ ውስጥ የሞከረ የጋራዥ ሰው ምንም ጉድለት አያገኝበትም። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዘይቱም ጎድሎ አይታይም። የእጁ ስሜት «ደህና ነው» ይለዋል። ውኃው የሚታወቀው በመማር ወይም በመለኪያ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ዘይቱን በጊዜው መለወጥ እንደሚገባ የማያውቅ እጅ የቱንም ያህል ቢሠለጥን ይታለላል። ከጌታው የወረሰውን ጥበብ እንደ ወረሰ፥ የጌታውንም ስሕተት አብሮ ወርሷልና።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ሰው እንዙር። ይህ ሰው የመፍያውን ልክ በቃሉ ያውቃል፤ ዘይቱንም በጊዜው ለወጠ። ነገር ግን ከቧንቧው አየሩን ጨርሶ ማስወጣቱን ፔዳሉን በእግሩ ረግጦ መለየት አይችልም። የዛገችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ሲፈታ ምን ያህል ቢያስገድዳት እንደምትሰበር እጁ አያውቅም። አየር እንፋሎት የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ስለዚህ የዚህ ሰው መኪናም ከዚያው ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። አንደኛው ባለማወቁ፥ ሁለተኛው ባለመልመዱ፥ ሁለቱም እኩል ቦታ ደረሱ። ተሳፋሪው ግን ከሁለቱ በየትኛው ስሕተት እንደ ሞተ አይጠይቅም።

የሚለውጠው ዘመን

ክርክሩ ከዚህ በኋላ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። መኪናው ራሱ እየተለወጠ ነውና። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ገልጿል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም በመንገዳችን ላይ መታየት ጀምረዋል። በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ቮልት የሚያልፍበት ብርቱካንማ ሽቦ አለ። የቀድሞው ልጅ ተሳስቶ ካንዴላ ቢነካ ደንግጦ እጁን ይሰበስባል፤ ይህን ሽቦ ያላግባብ የነካ ግን ከስሕተቱ ለመማር ዕድሜ ላይተርፈው ይችላል። ስለዚህ «እየነካሁ እማራለሁ» የሚለው አሮጌ መንገድ በዚህ ሥራ ብቻውን አይበቃም።

እንዲሁም ሠላሳ ዓመት በሙያው የኖረውን ሰው ወረቀት የለህም ብሎ ከደጃፍ መመለስ ዕውቀቱን በቁሙ መቅበር ነው። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ሐሳብ በአገራችን ተጥሏል። በ1996 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስትራቴጂ ደግሞ ሰው ሙያውን በትምህርት ቤትም ይማረው በጋራዥ፥ በሙያ ደረጃው መሠረት ተመዝኖ ብቃቱ እንዲረጋገጥለት መንገድ ከፈተ። በሕዝቡ አፍ «ሲ ኦ ሲ» እየተባለ የሚጠራው ምዘና የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው። ሠራተኛው የት እንደ ተማረ ሳይሆን ምን ማድረግ እንደሚችል ይጠየቃል፤ የጽሑፍ ፈተናም የተግባር ፈተናም አለበት።

ሐሳቡ ከጥንቱ ማስመስከር ጋራ ዘመድ ነው። ሥራ ላይ ሲውል ግን ዋጋው የሚመዘነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዛኙ በእርግጥ አይቷልን? መዛኙ ሠራተኛው ፍሬን ሲፈታና ሲያስር አጠገቡ ቆሞ ካየ፥ ፔዳሉንም ራሱ ከረገጠ፥ ወረቀቱ እውነተኛ ምስክር ነው። ጊዜ አጠረ ብሎ የተግባሩን ፈተና አሳጥሮ ከፈረመ ግን፥ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢያምር ወረቀቱ ሐሰተኛ ምስክር ሆነ። በፍርድ ቤት በሐሰት የመሰከረ ይቀጣል፤ በሙያ በሐሰት የተመሰከረለትን ሰው ስሕተት የሚከፍለው ግን መኪናው ውስጥ የተቀመጠው ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ የሚስማማው መልስ ወረቀቱን ወይም እጁን መምረጥ አይደለም። እጅ ያለ ወረቀት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከመንደሩ ውጭ የሚያውቀው የለም፤ ያልተማረውንም ነገር ራሱ ሊያይ አይችልም። ወረቀት ያለ እጅ በሁሉ ዘንድ ይታወቃል፤ ነገር ግን የሚታወቀው ነገር የለም። ሁለቱን የሚያገናኘው ምስክር ሆኖ የሚቆም፥ ያየ ሰው ነው።

ከዚህም የተነሣ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ድርሻ አለ። በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የሚቀጥረው ሹም ወረቀቱን ከመመልከቱ ጋራ አንድ ብሎን አስፈትቶ ቢያይ አይጎዳውም። የቴክኒክ መምህሩ በዓመት ጥቂት ሳምንት ጋራዥ ገብቶ ከሽማግሌው መካኒክ ጋራ ቢውል ማዕርጉ አይቀንስም፤ ሽማግሌውም በትምህርት ቤቱ ወንበር ቢቀመጥ አያፍርበት። ተማሪውም ብረት ማጠብን አይናቀው፤ ብረቱን ያላጠበ እጅ ብረቱን አያውቀውምና።

አባቶቻችን መማር ከመጠምጠም ይቅደም አሉ እንጂ መጠምጠም ይቅር አላሉም። ጥምጥሙ ይኑር፤ ነገር ግን የሚጠመጥምለት መምህር በጆሮው የሰማ፥ በዓይኑ ያየ ይሁን። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ መካኒኩን አያውቀውም፤ ፈታኙንም አያውቀውም። ነፍሱን አደራ የሰጠው ለዚያ ፈታኝ ዓይን ነው።